በሰው ፈረስ ላይ ዋጋ መጨመር

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

የፓሶ ሳውሴ የፈረስ ውድድር ክለብ አዳራሽ ሦስተኛ ወንበር ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በክቡር ፕሬዚዳንታችን ስር በሥራ ላይ እያለ፣ ባደረበት የእግር ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ዕድሜው በግምት አርባ ሰባት ነበር። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ አንዳች ጥገና አገልግሏል። ሟች ስድስት ወንድም ወንበሮች ትቶ አልፏል... እነሱም ብዙ አይቆዩም።

ፕሬዚዳንቱ ተርፈዋል። ዶን አባዩባ ላሮሳ መቶ አሥር ኪሎ ናቸው፤ ወድቀውም ንግግራቸውን አላቋረጡም። ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ «የፈረስ ውድድር የሚኖረው በዘርና በክብር ነው» አሉ። እኔ የክለቡ ፀሐፊ ነኝና በቃለ ጉባኤው አሰፈርኩት። ከወለል ላይ መነገሩን ግን ተውኩት።

አዲስ ወንበር ይገዛ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም ጣሪያውን አየ።

ከዚያ ፕሬዚዳንቱ ወደ ተለመደው ርዕሳቸው ገቡ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የቁማር ማሽን ቤት። የከተማው ነውር፣ የሥራ ፈት መሰብሰቢያ፣ የአሮጊት ወጥመድ። አንድ ቀን በገዛ እጃቸው ይዘጉታል። እሳቸው የሚያውቁት፣ እኔም የማውቀው፣ ግን ማንም ጮክ ብሎ የማይለው ነገር አለ፦ እዚያ ማሽን ውስጥ ከሚቀረው ገንዘብ ላይ በሕግ እየተቆረጠ ለውድድር ሽልማት ይሰጣል። የፕሬዚዳንቱ ፈረስ ማሪስካል አምና ያሸነፈው ሽልማት ከየት መጣ? ከአሮጊት ወጥመድ። ዘርና ክብሩ ከዚያ በኋላ ነው የደረሱት።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

የማሽኖቹ ባለቤት ከሆነው ድርጅት፣ ከዋና ከተማው ከሞንቴቪዴዮ፣ ደብዳቤ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በጣም ትሁት ደብዳቤ ነው። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ሠርቻለሁና ትሁት ደብዳቤ እፈራለሁ።

የመናኸሪያው ማሽን ቤት ገቢ አነስተኛ ሆኗል። እስከ ማርች መጨረሻ ካልተሻሻለ ይዘጋል። «ከዚሁ ጋር የተያያዘው የሽልማት ድጋፍም በዚያው የሚያበቃ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።»

በአክብሮት። ሽልማት ከሌለ ፈረስ የሚያመጣ የለም። ፈረስ ካልመጣ ሜዳው ሣር ብቻ ነው። ሣሩን ደግሞ ገፍፎ አኩሪ አተር ሊዘራበት የሚጠብቅ ሰው አለ፤ በየዓመቱ በገና ሰሞን አንድ ጠርሙስ ወይን ይልክልናል፣ እኛም እየተጠራጠርን እንጠጣዋለን።

አንዱን የአበባ ማሰሮ ሁለት ጊዜ አጠጣሁ። ሌላውን ረሳሁት። ማቴ የምንለውን የቅጠል ሻይ ልጠጣ ውኃ አፈላሁ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና አፈላሁ... መቀመጥ አቃተኝ።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ለዋልዱቪኖ ነገርኩት። ከሌላ ሰው ከሚሰማው ብዬ።

ዋልዱቪኖ ቴቼራ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከጋጣዎቹ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። አሥራ አራት ፈረስ ያሠለጥናል፤ የራሱ አንዲት ብቻ ናት፣ «ጥድፊያ የለም» የምትባል ዳማ ባዝራ። ስሟን ያወጣላት እሱ ነው። እሷም ስሟን አክብራ ትኖራለች።

የባዝራዋን እግር በፋሻ እየጠቀለለ ነበር፤ አላቆመም።

«ጋጣዎቹም?»

«ጋጣዎቹም።»

«ክፍሏም?»

ማቴውን አቀበልኩት። ጠጣ፣ መለሰልኝ። ከዚያ ስለ ሰኮና ማውራት ጀመረ... ሰው ቤቱን ሊያጣ ሲል ስለ ሰኮና ያወራል እንዴ? ያወራል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 13

ዘዴ አገኘሁ። ለታሪክ ይመዝገብ።

የማሽን ቤቱ ገቢ ከጨመረ አይዘጋም። ገቢው የሚጨምረው ሰው ሲሸነፍ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገን የሚሸነፍ ሰው ነው። የጡረተኞች ማኅበር ሄድኩና ቆሜ ንግግር አደረግሁ። ወይዛዝርት፣ ለፈረሶቻችን ሲባል፣ በየሐሙሱ፣ ሁለት መቶ ሁለት መቶ ፔሶ እንሸነፍ። አጨበጨቡልኝ። ለመሸነፍ የተደራጀ ማኅበር በዚህች አገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እግረ መንገዴን በየደጁ ያገኘሁትንም ጠራሁ። ኑ፣ ለፈረሶቹ ነው እያልኩ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ሆነን ገባን። የማሽን ቤቱ ተቆጣጣሪ የአውቶቡስ አደጋ የደረሰ መስሎት ተነሣ።

ዶኛ ኤውላሊያ ፒንቶስ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሕይወታቸው ማሽን ነክተው አያውቁም። የቱን ልጫን ልጄ አሉኝ። የፈለጉትን አልኳቸው፤ ሁሉም ያው ነው፣ ሁሉም ይበላል። ተጫኑት። ማሽኑ እንደ አምቡላንስ ጮኸ። አርባ ስድስት ሺህ ፔሶ።

ሴቶቹ ሁሉ ተቃቀፉ። ከመሃላቸው በሐዘን የተቀመጥኩት እኔ ብቻ ነኝ። ተቆጣጣሪውን ከቆጠርን ሁለት።

አርብ፣ ፌብሩዋሪ 14

ዶኛ ኤውላሊያ ደውለው ይቅርታ ጠየቁኝ። ፈረሶቹን ጎዳኋቸው ወይ አሉ። ትንሽ አልኳቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሰው ሊሸነፉልኝ ቃል ገቡ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ዘጠኝ ሺህ አሸነፉ።

በክለቡ ስም ከማሽን ቤቱ ላግዳቸው አሰብኩ። በየትኛው አንቀጽ? ደንባችን ለፈረስ አበረታች መድኃኒት ስለመስጠት ብቻ ነው የሚናገረው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 27

ለካ የዶኛ ኤውላሊያ ዕድል መድኃኒት ነው። ወሬው ከተማውን አዳርሷል። ዛሬ መግቢያ የለም። ዳቦ ጋጋሪው፣ ልብስ የቀየሩ ሁለት ፖሊሶች፣ በሳምንት አንዴ እንኳ ከእርሻ የማይወጡ ሰዎች... የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ጥቁር መነጽር አድርገው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም እንዳያውቃቸው ነው፣ ሁላችንም ሰላም አልናቸው። ሁሉም «እኔም እንደ እሳቸው» እያለ ይጫናል። ሁሉም ይሸነፋል። እንዴት ደስ ይላል።

ተቆጣጣሪው ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ። የተጠየቀው ገቢ ከወዲሁ አልፏል።

እንግዲህ የፈረስ ውድድር ድኗል። ፀሐፊዋ ግዴታዋን ተወጥታለች።

ታዲያ ለምንድነው ቤት ገብቼ ከኩሽና ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና የምለው? ምን ጠፋብኝ?

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ካርኒቫል። ከበሮው፣ ቀለሙ፣ የልጆቹ ጩኸት ሁሉ አለ። ሚርታ የለችም።

ሚርታ ሶሪያ ሃያ ዓመት ሙሉ በእኛ ሜዳ በር ላይ ጥብስ ቂጣ የምትሸጥ ናት። ድግስ ባለበት ሁሉ መጥበሻዋን ይዛ አለች። ዝናብ ሲዘንብ ትኩስ ቂጣ ያምረናልና ከተማው ሁሉ እሷን ነው የሚፈልገው። ለካርኒቫል ሚርታ ትቀራለች? ታመመች? ጠየቅሁ። አንዱ ትከሻውን ነቀነቀ። አንዷ ወደ መሬት አየች።

መሬት ማየቷ አልጣመኝም።

ሐሙስ፣ ማርች 6

ቤቷ ሄድኩ። መጥበሻው ታጥቦ ተደፍቷል። የጋዝ ሲሊንደሩ በር ላይ ባዶውን ቆሟል፤ በእግሬ ስነካው እንደ ደወል ጮኸ።

አስገባችኝ። ሦስት ሐሙስ ሄጃለሁ አለች፤ መጀመሪያ ሁለት መቶ፣ ከዚያ ሁለት መቶውን ለማስመለስ፣ ከዚያ የተመለሰ መስሏት... የዱቄቱ፣ የሞራው፣ የጋዙ ገንዘብ። ለውድድሩ ቀን ያስቀመጠችው ሁሉ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። አንቺ ነሽ የጠራሽኝ ብዬ አይደለም አለችኝ። ይህን ባትለው ይሻለኝ ነበር።

ሸኝታኝ በሩ ላይ ቆመች።

«ኔሊ፣ ፈረሶቹስ ጠገቡ?»

አሽሙር አልነበረም። እውነቷን ነው የጠየቀችኝ። የሄደው ገንዘቧ ለፈረሶቹ መድረሱን ማወቅ ፈልጋ ነው።

ቦርሳዬን ከፈትኩ። እጄን ያዘችኝ።

«ገንዘብ አትስጪኝ። ገንዘብ ከሰጠሽኝ ሐሙስ ይሄዳል። ሐሙስ ሲደርስ እግሬ ራሱ ነው የሚወስደኝ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። እግሯን ጠረጴዛ ስር አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር የጠበቀችኝ።

አርብ፣ ማርች 7

ለመሸነፍ የተደራጀውን ማኅበር በተንኩት። ዶኛ ኤውላሊያ ብቻ ቅር አላቸው። ገና መሸነፍ ሳልማር አሉ።

ረቡዕ፣ ማርች 12

የድርጅቱ ሰው ከሞንቴቪዴዮ መጣ። ሊሳንድሮ ይባላል። ወጣት፣ ትሁት፣ ክራቫቱ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ፓሶ ሳውሴ አርአያ የሆነች ከተማ ናት። በሦስት ሳምንት እንዲህ ያደገ ገቢ የትም አላዩም።

ስለዚህ አሳብ መጥቶላቸዋል። የመናኸሪያው ቤት ኪራዩ ስለተወደደ በማርች መጨረሻ የሚለቀቅ ነው፤ ይህ ተወስኗል። ክለቡ ከፈቀደ ግን ማሽኖቹ ወደ እኛ ይመጣሉ። ሠላሳ ማሽን፣ በተመልካች መቀመጫው ስር፣ በሳምንት ሰባት ቀን። በምላሹ የአሥር ዓመት ሽልማት በጽሑፍ። ካልፈቀድን ማሽኖቹ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፣ ሽልማቱም አብሮ። እስከ ሃያ አራት፣ ሰኞ፣ ሁለት ፊርማ ይፈልጋሉ፦ የፕሬዚዳንትና የፀሐፊ።

ዶን አባዩባ ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ዘርና ክብር ሲነሣ ለማየት። ተነሡ። ብዕራቸውን አወጡ። ነውር ነው ያልኩት መናኸሪያ ውስጥ ስለሆነ ነው አሉ፤ በተከበረ ሜዳ ውስጥ ሲሆን ሌላ ነው። ፈረሙ። ፊርማቸው ራሱ እንደ ፈረስ ይጋልባል።

እኔ አንብቤ ነው የምፈርመው አልኩ። ሁለት ገጽ ነው አሉኝ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው።

ሊሳንድሮ በር ድረስ ተከተለኝ።

«ዶኛ ኔሊዳ፣ ማንም አይገደድም እኮ። ሰው ራሱ ነው የሚመጣው።»

«አይ ልጄ፤ የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ትሁት ነውና ግን ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 13

አልፈረምኩም።

አርብ፣ ማርች 14

አልፈረምኩም። ወረቀቱን ከጠረጴዛ ወደ መሳቢያ፣ ከመሳቢያ ወደ ማቀዝቀዣው አናት አዛወርኩት። ድመቷ ተኛችበት። ቢያንስ አንድ ሰው ዕረፍት አገኘበት።

ብፈርም ሚርታ በየሳምንቱ ሰባት ሐሙስ ይኖራታል። ባልፈርም ዋልዱቪኖ ክፍሉን ይለቃል፣ አሥራ አራቱ ፈረሶች ይበተናሉ፣ ሜዳው አኩሪ አተር ይሆናል። በመሃል ያለው ብዕር የእኔ ነው። ማን ፀሐፊ ሁኚ አለኝ? ወንበር ስላለው ነው የገባሁት... ወንበሩም ሞተ።

ሰኞ፣ ማርች 17

ሁሉንም ለዋልዱቪኖ ዘረገፍኩለት። ሠላሳውን ማሽን፣ አሥሩን ዓመት፣ ሚርታን። ፈርሚ ካልከኝ እፈርማለሁ አልኩት። ፈሪ ነኝ፤ ብዕሩን ለእሱ ማስያዜ ነው።

የባዝራዋን ጀርባ መቦረሽ ጀመረ።

«የእኔ ክፍል ጣሪያው ያፈሳል፣ ታውቂያለሽ። ለሚያፈስ ጣሪያ ሲባል ሚርታ እዚያ መቀመጫ ስር ተሰልፋ ማየት አልችልም። በየቀኑ በዚያ በኩል ነው የማልፈው።»

ታዲያ በምን እንኑር አልኩት። ድሮ፣ ማሽን ሳይመጣ፣ ውድድሩ በምን ነበር የሚኖረው?

«በጨረታ ነዋ።»

ጨረታ አሁንም አለን አልኩት። ከውድድሩ በፊት ባለው ቅዳሜ ሁልጊዜ እናደርጋለን። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ፈረስ ይጫረታል፤ ገንዘቡ ሁሉ አንድ ላይ ይከማቻል፤ የሚያሸንፈውን ፈረስ በጨረታ የያዘ ሰው ክምሩን ይወስዳል፤ ክለቡ ከመቶ ሃያውን አስቀድሞ ያነሣል። ግን ከዚያ የምናገኘው ለሁለት ቀን ድርቆሽ የማይበቃ ነው።

«ምክንያቱም ጨዋዎች ሆነናል» አለ ዋልዱቪኖ።

ልክ ነው። በሰው ፈረስ ላይ ዋጋ አይጨመርም። ባለቤቱ ጣቱን ያነሣል፣ የመነሻውን ሁለት ሺህ ይጠራል፣ ሌላው ሁሉ ኮፍያውን ያያል። የጎረቤትን ፈረስ ማስወደድ ነውር ነው፤ ሚስቱን ለዳንስ ከመጠየቅ ይብሳል። እኔ ፀሐፊ ከሆንኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም አላደረገውም። ባለጠጋው ሁሉ የገዛ ፈረሱን በመነሻ ዋጋ ይወስዳል፣ እርስ በርስ ባርኔጣ ያነሣሣል። የቀረውን ደግሞ አሮጊቶቹ በማሽን ይሞሉታል።

ክለባችንን ያደኸየው ጨዋነት ነው ማለት ነው። ይህን በየትኛው ቃለ ጉባኤ ልጻፈው?

ሐሙስ፣ ማርች 20

የፊታችን እሑድን ውድድር ሽልማት ያለ ማሽኖቹ ለመሸፈን መቶ ሰማንያ ሺህ ያስፈልጋል። ደጋግሜ ደመርኩት፤ ስደምረው አያንስም።

እግሬን ላፍታታ ብዬ ወጣሁ። ዋልዱቪኖን አየሁት፤ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር በትከሻው ተሸክሞ ወደ ሚርታ ሰፈር ይሄዳል። እኔ ዱቄትና ሞራ ትናንት ነው ያደረስኩት። ገንዘብ አትስጪኝ ነው ያለችው፤ ዱቄት አላለችም። ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን እንዳላየን ሆነን አለፍን።

ቅዳሜ፣ ማርች 22

ይህን የምጽፈው ማታ ነው፤ ፊደሉ ይዘላል።

ጥብሱ ተበላ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጫራቹ ቶሪቢዮ መዶሻውን መታ፤ ከሰኞ እስከ አርብ ከብት የሚሸጥ ነውና ለፈረስ ሲሆን ድምፁን ያሳምራል። እኔ መዝገቡን ዘርግቼ፣ ዋልዱቪኖ አጠገቤ። ትልቁ ውድድር ነው መጀመሪያ የሚጫረተው።

ማሪስካል ተጠራ። ዶን አባዩባ የጎድን አጥንት እየጋጡ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ጣታቸውን አነሡ። ሁለት ሺህ አንድ ጊዜ አለ ቶሪቢዮ። ሁለት ሺህ ሁለት ጊዜ...

አምስት ሺህ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ሰካራም የገባ መስሏቸው። ድምፁ የእኔ ነበር።

ፕሬዚዳንቱ አጥንቱን አስቀመጡ።

«ኔሊዳ፣ የኔ ፈረስ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ዶን አባዩባ። ጥሩ ፈረስ ነው፤ ሁለት ሺህ ብቻ ነው እንዴ የሚያወጣው?»

አንድ ሰው ሳቀና ሳል አስመሰለው። ዶን አባዩባ ፊታቸው ቀላ። አሥር ሺህ አሉ። አሥራ አምስት አልኩ። ሃያ። ሠላሳ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም... ሰው ሁሉ መብላት አቁሟል። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ባላቸውን እንደ አዲስ ሰው ያዩአቸዋል። ሰባ አሉ። እኔ ሰማንያ አልኩ።

ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ቶሪቢዮ ሰማንያ ሺህ አንድ ጊዜ አለ፤ በጣም ቀስ ብሎ፣ እየለመናቸው። ሁለት ጊዜ አለ። ዶን አባዩባ ኩርሲያቸውን ወደ ኋላ ገፉ። በቃ ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ገንዘቡ ነበረኝ፤ ጨረታው እኔ ላይ ቢቀር ቆጥሬ እከፍል ነበር። ፍጹም ተረጋግቼ ነበር።

«ሰማንያ አምስት» አሉ። «የላሮሳ ፈረስ በፀሐፊ አይገዛም።»

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ብዕሬን አነሣሁና ጻፍኩ።

ቀጥሎ የፋርማሲው ባለቤት ቦራ ፈረስ ተጠራ። ባለቤቱ ሁለት ሺህ ብሎ ገና እጁን ሳያወርድ፣ ዶኛ ኤውላሊያ ግንባሩ ደስ ይለኛል፣ ስድስት አሉ። ከዚያ የሆነው ታይቶ አያውቅም። ፋርማሲስቱ ተናደደና የእንስሳት ሐኪሙ ላይ ጨመረ። ሐኪሙ የዳቦ ጋጋሪው ላይ። ዶን አባዩባ፣ እሳቸው ብቻቸውን እንዳይዋረዱ፣ የሁሉም ላይ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጨዋነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሟጦ ወጣ። ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው ጨመሩ። የዋልዱቪኖን «ጥድፊያ የለም» እንኳ ሁለት ሰዎች ተጣሉባት፤ እሱ ቤሬት ኮፍያውን አውልቆ አቅፎ ተቀመጠ።

ስድስቱም ውድድር ሲያበቃ የክለቡ ድርሻ መቶ ዘጠና አንድ ሺህ ፔሶ። ለእሑዱ ይበቃል። ለጣሪያውም ትንሽ ይተርፋል።

ማንም ማንንም አልተሰናበተም። ሁሉም ነገ ማንን እንደሚያሳይ እያሰበ ሄደ።

እሑድ፣ ማርች 23

እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። የተጣሉት ሁሉ ዘመዶቻቸውን ይዘው መጥተዋል።

ሚርታ በሩ ላይ ነበረች። መጥበሻው ይንጫጫል፣ ሰልፉ እስከ መንገዱ። አንድ ቂጣ ሰጠችኝ፣ ልከፍል ስል ተቆጣችኝ።

ማሪስካል በአንገት ቀድሞ አሸነፈ። ዶን አባዩባ ክምሩን ወሰዱ። ሲያለቅሱ ያየሁ መስሎኛል፤ አቧራ ነው አሉ። ጽዋውን ይዘው ንግግር አደረጉ። በሰው ፈረስ ላይ በነፃነት መጨመር የአባቶቻችን ልማድ ነው፣ እሳቸውም ለዓመታት ሲሟገቱለት የኖሩት ነገር ነው። በቃለ ጉባኤ ጻፍኩት። ምን ቸገረኝ።

«ጥድፊያ የለም» ደርሳለች። ፎቶ አንሺው ዕቃውን ከከተተ በኋላ ነው እንጂ።

ሰኞ፣ ማርች 24

ወረቀቱን በአንድ ፊርማ መለስኩት። የድመት ፀጉር አራገፍኩለት። ሊሳንድሮ በስልክ አዝናለሁ አለኝ፤ እውነቱን ይመስለኛል። ዶን አባዩባ ፊርማቸውን ከንቱ ስላደረግሁባቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እኔ መቼ ፈረምኩ አሉ።

ረቡዕ፣ ማርች 26

ማሽኖቹን ዛሬ በጭነት መኪና ጫኗቸው። መናኸሪያው ላይ ሰው ቆሞ ያያል፤ ቀብር ይመስላል። ዶኛ ኤውላሊያ ለአንደኛው እጃቸውን አወዛወዙለት። ሚርታ ከእኔ ጋር ቆማ ነበር። መኪናው ዞሮ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ ነገ ሐሙስ ነው አለች። አዎ አልኩ። ፈረሶቹን ጧት ሲያሮጧቸው አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ፤ ሃያ ዓመት በር ላይ ቆማ ጀርባዋን ሰጥታ ነበርና። ዋልዱቪኖ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠብቀናል።

የሜይ ውድድር ተወስኗል። ለጨረታው ከወዲሁ አሥራ አንድ ፈረስ ተመዝግቧል፤ ከባለቤቶቹ ሰባቱ እርስ በርስ አይነጋገሩም። ይህ ኩራት እስከ መቼ ይበቃናል? አንድ ዓመት? ሁለት? ሰዎቹ የታረቁ ቀን አለቀልን። የዋልዱቪኖ ጣሪያ ግን ቆርቆሮው ተቀይሯል። ዛሬ ዘነበ፣ ሄጄ ቆሜ አየሁት። ጠብታ የለም። ሁለታችንም ወደ ላይ እያየን ብዙ ቆየን።

እርማት። በማርች 22 ቀን ማስታወሻ ላይ፣ ፀሐፊዋ ለማሪስካል ሰማንያ ሺህ ፔሶ በጠራችበት ጊዜ «ገንዘቡ ነበረኝ፤ ፍጹም ተረጋግቼ ነበር» የሚል ሰፍሯል። ጉዳዩ እንደገና ሲጣራ፣ በተጠቀሰው ሰዓት በፀሐፊዋ ቦርሳ ውስጥ የተገኘው ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፔሶ፣ የንባብ መነጽርና ግማሽ ብስኩት ነው። መረጋጋትን በሚመለከት፣ ጠረጴዛው እንዳይንቀጠቀጥ ከስሩ ጉልበቷን አጥብቆ ይዞላት የነበረው አሰልጣኝ ዋልዱቪኖ ቴቼራ መሆኑ ተረጋግጧል። እጁን መቼ እንዳነሣ በመዝገብ አልተገኘም። ቀደም ሲል የተጻፈው በዚህ ተስተካክሎ ይነበብ።